የኮሪያ ካፌ ዓይነት የእንጆሪ ወተት በቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጁስ ቤት ከምንጠጣው እንጆሪ በወተት በምን ይለያል?

ጁስ ቤት ስታዙ ፍሬው፣ ወተቱና ስኳሩ አንድ ላይ መፍጫ ውስጥ ገብተው ወፍራም ሆነው ይመጣሉ። የኮሪያውን መፍጫ አይነካውም። እንጆሪው በሹካ ይጨፈለቃል፣ በስኳር ተለውሶ ይቀመጣል፣ የራሱን ጭማቂ አውጥቶ ቀይ ሽሮፕ ይሆናል። ሽሮፑ ብርጭቆ ሥር ይደረግና ቀዝቃዛ ወተት ቀስ ተብሎ ይፈስበታል። ከታች ቀይ፣ ከላይ ነጭ፣ መሀሉ ሮዝ። ስትጠጡት የወተቱ ጣዕም እንዳለ ነው፤ እንጆሪው ደግሞ ጥርስ ላይ የሚገኝ ቁራጭ ሆኖ ይመጣል።

ኮሪያዎች ታልጊ ኡዩ ይሉታል። በዚሁ ስም ሱቅ የሚሸጥ ሮዝ የካርቶን ወተትም አለ፤ እሱ ግን በአብዛኛው ጣዕምና ቀለም የተጨመረበት ወተት ስለሆነ ሌላ ነገር ነው። ኮሪያ ጣዕም ያለው ወተት የምትወድ አገር ናት። ቢንግሬ የተባለው ኩባንያ የሙዝ ጣዕም ያለውን ወተቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ያኔ ሙዝ እዚያ አገር ውድ ፍሬ ነበር። እስከ ዛሬም በዚያው ሆዱ ሰፋ ባለ ጠርሙስ ይሸጣል። እዚህ የምናወራው ግን ካፌዎች በእጃቸው ስለሚሠሩት ነው።

የመጠጡ ቁልፍ ምንድን ነው?

ሽሮፑ። ሌላው ሁሉ ማቅረቢያ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ቪዲዮዎች ወተቱ ሲፈስ ያለውን ቆንጆ ቅጽበት እየደጋገሙ ያሳያሉ፤ ጣዕሙ ግን ያለቀው ከዚያ በፊት፣ እንጆሪውና ስኳሩ ሳህን ውስጥ አብረው በቆዩበት ሰዓት ነው። እሱን ካሳጠራችሁ የምትጠጡት ጣፋጭ ወተት ውስጥ የሚንሳፈፍ ጎምዛዛ ፍሬ ነው።

ኮሪያዎች ፍራፍሬን በስኳር ማኖር የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ውጤቱን ቾንግ ይሉታል። በጣም የታወቀው ሜሺል ከሚባለው አረንጓዴ ፕለም የሚሠራው ነው፤ ፍሬና ስኳር በእኩል ክብደት ተደርጎ ለወራት ይቀመጣል፣ ከዚያ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ወጥ ውስጥም ይገባል። ዩጃ ከተባለው የሎሚ ዘመድ የሚሠራው ደግሞ በብርድ ወራት በሙቅ ውሃ እንደ ሻይ ይጠጣል። የእንጆሪው ቾንግ የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ግን ወራት አይጠብቅም፣ ዕድሜውም አጭር ነው።

መጠኑን ንገሩኝ።

ለ6 ብርጭቆ ያህል፦ ግማሽ ኪሎ እንጆሪ፣ 130 ግራም ስኳር (ሙልጭ ያለ 10 የሾርባ ማንኪያ ገደማ)፣ 1 ሊትር ከሩብ የማይሞላ ወተት። ከፈለጋችሁ ትንሽ ጨው በጣት ጫፍ።

እንጆሪውን ከነቅጠሉ እጠቡት፤ ቅጠሉ ቀድሞ ከተነሳ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ከዚያ ቅጠሉን አንሱና ከግማሽ ኪሎው 350 ግራሙን ለሽሮፑ፣ 150 ግራሙን ለመጨረሻው ለዩት። የመጀመሪያውን ግማሹን በሹካ ጨፍልቁ፣ ግማሹን በትንንሹ ክተፉ፤ ሁሉም ከተጨፈለቀ ሽሮፑ ገንፎ ይሆናል፣ ሁሉም ከተከተፈ ደግሞ ወተቱን የሚያቀላው ፈሳሽ ያንሳል። ስኳሩን አልብሱና አማስሉት።

አሁን ሳህኑን ትኩር ብላችሁ እዩ። መጀመሪያ ስኳሩ ነጭ ሆኖ ፍሬው ላይ ተጣብቋል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጠርዝ ጠርዙ ይቀላል፣ ሥሩ ላይ ቀጭን ፈሳሽ ይጠራቀማል። ግማሽ ሰዓት ላይ ቁራጮቹ በራሳቸው ጭማቂ ተከበዋል፣ ሽታውም ክፍሉን ይዟል። ማንኪያ ሰዳችሁ ሥሩን ፈቅ ስታደርጉት የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ ስኳሩ ገና አልሟሟም፤ አማስላችሁ ጠብቁት። ድምፁ ሲጠፋ ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ገልብጡና ፍሪጅ አስገቡት። ሦስት አራት ሰዓት ይበቃል፣ ቢያድር ይሻላል።

ይህ የሚሆነው ስኳር ውሃ ስለሚስብ ነው። ከፍሬው ውጭ ያለው ስኳር ውስጡ ካለው ስለሚበልጥ ውሃው ይወጣል፤ ሲወጣ ቀለሙንና ሽታውን አስከትሎ ነው። አንዲት ጠብታ ውሃ ሳትጨምሩ ሽሮፕ የምታገኙት ለዚህ ነው።

ሲቀርብ፦ በአንድ ብርጭቆ 5 የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ ከነፍሬው፣ በረዶ፣ 200 ሚሊ ሊትር በጣም የቀዘቀዘ ወተት፣ ከላይ ካስቀራችሁት ጥሬ እንጆሪ የተከተፈ። አንዳንድ ካፌ የተመታ ክሬም ይጨምርበታል። እኔ አልወደውም፤ ወተቱን ያደነዝዘዋል።

ቶሎ እንዲደርስ እሳት ላይ ባደርገውስ?

ማርማላታ ታገኛላችሁ። ማርማላታ ጥሩ ነገር ነው፣ ዳቦ ላይ። ትኩስ እንጆሪ ያንን ሽታ የሚሰጡት ነገሮች በሙቀት የሚተኑ ናቸው፤ ቀዩ ቀለምም ሲበስል ወደ ቡኒ ያዘነብላል። ስኳሩ አልሟሟ ካለ ሳህኑን ለብ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል።

መፍጫስ?

አየር ያስገባል፣ አረፋ ያመጣል፣ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ጥቃቅኑን ፍሬ ሰባብሮ ትንሽ መራራ ያደርገዋል። ሹካ ይበቃል።

የኮሪያ እንጆሪ የተለየ ነው ይባላል። እኔ ያለሁበት አገር ያለው ይሆናል?

ይሆናል፤ ግን ልዩነቱን ማወቅ ስኳሩን ለማስተካከል ይረዳል።

እ.ኤ.አ. እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የኮሪያ ገበሬ በብዛት የሚተክለው የጃፓን ዝርያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ቹንግቾንግ፣ ኖንሳን ከተማ የሚገኘው የእንጆሪ ምርምር ጣቢያ ሶልህያንግ የሚባለውን ዝርያ አወጣ። ጭማቂው የበዛ፣ አሲዱ የቀነሰ፣ በሽታ የሚቋቋም፣ ብዙ የሚያፈራ ሆነ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የጃፓኖቹን ተክቶ የአገሪቱን እርሻ አብዛኛውን ያዘ። ኖንሳን ዛሬም የእንጆሪ አገር ናት፣ በየዓመቱም የእንጆሪ በዓል ታከብራለች።

ሌላው ነገር ወቅቱ ነው። እንጆሪ ኮሪያ ውስጥ የብርድ ወራት ፍሬ ነው። በፕላስቲክ በተሸፈነ ቤት ውስጥ ተተክሎ ከኅዳር መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ገበያ ይወጣል፣ እስከ ሚያዝያ አካባቢ ይቆያል። ቀዝቀዝ ባለ አየር ቀስ ብሎ ስለሚበስል ስኳር ለማጠራቀም ጊዜ ያገኛል። ካፌዎች የእንጆሪ ሜኑአቸውን የሚያወጡት፣ የሴኡል ትልልቅ ሆቴሎችም የእንጆሪ ቡፌ የሚያዘጋጁት ያኔ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በትንንሽ ፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው እንጆሪ ብዙ ጊዜ አነስ ያለና ኮምጠጥ የሚል ነው። ለዚህ መጠጥ ኮምጣጣነቱ ጉዳት አይደለም፤ ወተት ውስጥ ሲገባ ጣዕሙ ጎልቶ ይሰማል። ስኳሩን ወደ 160 ግራም ከፍ አድርጉት። ስትገዙ ከላይ ያለውን ብቻ አትዩ፣ ዕቃውን ገልብጡት፤ የተጨፈለቀውና የሻገተው ሁልጊዜ ሥር ነው። ሽታ የሌለው እንጆሪ ስኳር ቢጨመርበትም ሽታ አያመጣም።

አሜሪካ ያላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት የካሊፎርኒያው ነው፤ ትልቅ፣ ጠንካራ፣ ረጅም መንገድ እንዲችል የተመረጠ፣ መሀሉ ነጭ። እሱን በደንብ አድቅቃችሁ ክተፉና አሳድሩት፤ በግማሽ ሰዓት እጁን አይሰጥም። እስራኤል ያላችሁ ታድላችኋል፤ እዚያም እንጆሪ የብርድ ወራት ፍሬ ስለሆነ ጥር ላይ ስትሠሩት ከኮሪያዎቹ ጋር በአንድ ወቅት ናችሁ። ዱባይና ሪያድ ደግሞ በብርድ ወራት የሚገባው የግብፅ እንጆሪ ዋጋውም ጣዕሙም ለዚህ ይመቻል።

በረዶ የሆነ እንጆሪ መጠቀም ይቻላል?

ለሽሮፑ አዎ፣ እንዲያውም ይፈጥናል። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ የፍሬውን ሥጋ ከውስጥ ስለሚቀድደው፣ ሲቀልጥ ጭማቂው ሳይለመን ይወርዳል። ቀድማችሁ አታቅልጡት፤ ስኳሩን ከነበረዶው አልብሱት፣ የሚወጣው ውሃ እንዳይባክን። ለላይኛው ቁራጭ ግን አይሆንም፣ ይልፈሰፈሳል። ጥሬ ፍሬ ካላገኛችሁ የላይኛውን ተዉት።

ስኳሩን መቀነስ እችላለሁ? ማርስ?

ከላይ ባለው መጠን አንድ ብርጭቆ 22 ግራም ያህል የተጨመረ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 እንዲያንስ ይመክራል። ስለዚህ የየቀኑ መጠጥ አይደለም፤ ስኳር ያለበት ሰውም ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገርበት ነው።

ወደ 90 ግራም ማውረድ ትችላላችሁ፤ ጭማቂው ግን ያንሳል፣ ቀጭን ስለሚሆንም ከወተቱ ጋር ቶሎ ይደባለቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከዚያ በታች ሽሮፕ አይባልም። ኮሪያዎች ረዘም ላለ ጊዜ ለሚያስቀምጡት ቾንግ ፍሬና ስኳርን እኩል የሚያደርጉት ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ስኳሩ ሲበዛ ተህዋስያን የሚጠቀሙበት ውሃ ስለሚያጡ ነው። ማር ይሠራል፣ የኛ ማር ግን ጠረኑ ኃይለኛ ስለሆነ እንጆሪውን ይጫነዋል። ግማሽ በግማሽ ብታደርጉት ይሻላል። የቆርቆሮ ጣፋጭ ወተት ካላችሁ ከስኳሩ ቀንሳችሁ ወተቱ ላይ አንድ ማንኪያ ጣል አድርጉ፤ ብዙ የኮሪያ ካፌዎችም ያደርጉታል፣ ወፈር ይላል።

የትኛው ወተት ነው የሚሻለው?

ቅባቱ ያልወጣለት። ቅባት የሌለው ወተት ከእንጆሪ ጋር ውሃ ውሃ ይላል። በቀጥታ ከላም የታለበ ከሆነ የግድ አፍሉት፣ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙት፣ ስልባቦቱን ግፈፉት፤ አለበለዚያ ብርጭቆው ላይ ይንሳፈፋል። የዱቄት ወተትም ያስኬዳል፦ ለብ ባለ ውሃ በጥብጡት፣ ሌሊቱን ፍሪጅ ያሳድሩት። የሎንግ ላይፍ ወተት የበሰለ የበሰለ ይላል፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ግን ብዙም አይታወቅም።

ወተቱ ተቋጠረብኝ። ለምን?

እንጆሪ አሲድ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ3 እስከ 4 ባለው መካከል ይወድቃል። የወተት ፒኤች 6.7 አካባቢ ነው፣ ወደ 4.6 ሲወርድ ፕሮቲኑ ይያያዛል። በብርጭቆ መጠን ሽሮፑ ወተቱን እዚያ ድረስ አያወርደውም፤ የሚያወርዱት ተጨማሪ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሎሚ ነው። ብዙ የምግብ አሠራር ለሽሮፑ የሎሚ ጭማቂ ያዛል፤ ቀለሙን ስለሚያደምቀው። የኛ እንጆሪ ላይ ግን አያስፈልግም። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ለብ ያለ ወተት ላይ ሎሚ ያለበት ሽሮፕ ማድረግ አይብ መሥራት ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ወተቱ ራሱ ወደ እርጎ መንገድ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ትናንት የተከፈተ ወተት ለቡና ባይታወቅበትም እዚህ ይጋለጣል።

ሁሉም ነገር ከፍሪጅ ይውጣ፣ ተደባልቆ ወዲያው ይጠጣ። ጥቃቅን ጓል የመሰለ ነገር ካያችሁ ግን ሁልጊዜ መቋጠር አይደለም፤ የእንጆሪው ሥጋ ቁርጥራጭም እንደዚያ ይመስላል። ቅመሱት፣ ካልጎመዘዘ ደህና ነው።

በጾም ወቅት እንዴት ላድርገው?

ይህ ጥያቄ በሁዳዴ ይበዛል፣ ሁዳዴ ደግሞ በብዙ አገር ከእንጆሪ ወቅት ጋር ይገጥማል። ከሞከርኳቸው የጾም ወተቶች የሚያስኬደኝ የአጃ ነው፤ ጣዕሙ ለስላሳ ነው፣ በአሲድም ቶሎ አይያዝም። ቤት ለመሥራት አንድ ብርጭቆ የተዳመጠ አጃ ከአራት ብርጭቆ በረዶ የመሰለ ውሃ ጋር ግማሽ ደቂቃ ብቻ ፍጩት፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፣ አትጭመቁት። ብዙ ከተፈጨ ወይም ከተጨመቀ ይዝለገለጋል። ቁንጥር ጨው አይርሳችሁ።

የአኩሪ አተር ወተት እንደ ላም ወተት በአሲድ ይቋጠራል፤ ከሆነ ሽሮፑን አሳንሱ። የኮኮናት ወተት ጥሩ ነው፣ ግን የምትጠጡት የኮኮናት መጠጥ ነው። የሱፍ ወተትም ተጠይቄያለሁ፤ ነጭነቱ ያምራል፣ ጠረኑ ግን ከእንጆሪ ጋር አይስማማም። ሱፉን ለፍትፍቱ ተዉት።

ቀዩና ነጩ ወዲያው ይደባለቅብኛል። ካፌዎቹ እንዴት ነው የሚለዩት?

ስፕሪስ የሚቀዳ ሰው ይህን ያውቃል፦ ከባዱ ሥር፣ ቀሊሉ ላይ፣ በማንኪያ ጀርባ። የስፕሪሱ ጁሶች ወፍራም ስለሆኑ ባሉበት ይቆማሉ፤ እዚህ ግን ወተቱ ቀጭን ነውና ሥራውን የሚሠራው የሽሮፑ ስኳር ነው። ስኳር የበዛበት ፈሳሽ ከወተት ስለሚከብድ ሥሩ ይቀመጣል።

ሽሮፑን ብርጭቆ ሥር አድርጉና ብርጭቆውን አዘንብላችሁ አዙሩት፤ ጎን ጎኑ ላይ ቀይ ጅረት ይሥላል፣ ካፌዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከዚያ በረዶውን እስከ አፉ ድረስ ሙሉት። ወተቱን በረዶው ላይ አፍስሱ፣ ሽሮፑ ላይ አይደለም፤ በረዶው ኃይሉን ሰብሮ ጠብ ጠብ እያለ ያወርደዋል። ከፎቶው በኋላ ግን እስከ ሥሩ አማስሉት። ሳያማስሉ በስትሮ የሚጠጡ ሰዎች መጀመሪያ ሽሮፕ፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ወተት ይጠጣሉ፣ ከዚያ "ምኑ ተወራለት" ይላሉ።

ለምን እንደ ሱቁ ደማቅ ሮዝ አልሆነልኝም?

የሱቁ ቀለም የተጨመረ ነው። የእንጆሪ ቀለም አሲድ ውስጥ ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ አሲዱ በወተት ሲለዝብ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ ወደ መሆን ያደላል። ፈዛዛ ሮዝ ከሆነላችሁ በትክክል ሠርታችኋል።

ስንት ቀን ይቆያል?

ሽሮፑ በፈላ ውሃ ታጥቦ በደረቀ የመስታወት ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አምስት ቀን፣ ቢበዛ ሳምንት። ሁልጊዜ በደረቅ ማንኪያ ውሰዱ። ክዳኑ ሲከፈት የታፈነ አየር ድምፅ ካሰማ፣ አረፋ ከወጣ ወይም ጠጅ ጠጅ ከሸተተ መፍላት ጀምሯል፣ ድፉት። በበረዶ መሥሪያ ዕቃ ከፋፍላችሁ ብታቀዘቅዙት ሁለት ወር ይቆማል፤ እንግዳ ሲመጣ ሦስት አራቱን ብርጭቆ ውስጥ መጣል ነው። ከወተት ጋር የተደባለቀው በዚያው ቀን ይጠጣ፣ በክዳን ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ካደረ እስከ ማግስቱ ጠዋት።

ለሕፃናት ይሆናል?

ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሆንም፤ የላም ወተት እንደ መጠጥ፣ ማርም በምንም መልኩ ለዚያ ዕድሜ አይሰጥም። ከዚያ በላይ ላሉት ሽሮፑን ሁለት ማንኪያ አድርጉትና ቁራጩን በደንብ አድቅቁት። እንጆሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ልጅ ከሆነ ትንሽ አቅምሳችሁ ጠብቁ፤ ቆዳው ሽፍ የሚልባቸው አሉ።

በዚሁ ዘዴ ሌላ ፍራፍሬ ይሠራል?

ማንጎ በጣም ይሠራል፣ ኮሪያም ውስጥ ያደርጉታል፤ ስኳሩን በግማሽ ቀንሱ። ፓፓያ፣ ኪዊና አናናስ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሦስቱም ጥሬ ሲሆኑ የወተትን ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ስላላቸው ወተቱ ጥቂት ሲቆይ ይመራል። ፓፓያ በወተት ጁስ ቤት የማይመርረው ተፈጭቶ ወዲያው ስለሚጠጣ ነው። አናናስ ከፈለጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ ቀቅላችሁ ካቀዘቀዛችሁት በኋላ ስኳሩን አልብሱት፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል።